ለዳክዬ የተተከለው ድንኳን

ስብሰባ ላይ ያልተገኘ ሰው ይመረጣል። የእድራችን ወግ ነው። ጸሐፊ ሲጠፋ የቀረው ሰው ጸሐፊ ይሆናል፤ ድስት የሚያጥብ ሲጠፋ የቀረችው ሴት ድስት ታጥባለች። እኔ የዚያን እሁድ ወረፋ ቆሜ ነበር። ሥራዬ ነው። ጊዜ ለሌላቸው ሰዎች ወረፋ እቆማለሁ። ይህንንም የምጽፈው ወረፋ ላይ ሆኜ ነው፤ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ሲራመድ አቆማለሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ቤቴ ማነጻጸሪያ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። መታጠቢያ ገንዳዬ ውስጥ ዳክዬ። መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ፣ በሽቦ ቤት ውስጥ፣ ወፍ።

“ቁልፍ ማን ሰጣችሁ?” አልኩ።

“እድሩ ነዋ” አሉ ጋሽ ኤዩኤል። ሊቀመንበራችን ናቸው፤ ሶፋዬ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። “ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ትርፍ ቁልፍ እኛ ጋ አለ። ብትሞቺስ?”

“ሳልሞት ገባችኋ።”

“ኖላዊት፣ ስብሰባ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።”

እውነታቸውን ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። ሊጠፉ ከደረሱት መሀል ሰፈር ሁሉ አንድ ዘር ይደርሰዋል፤ ወፍም ይሁን ዓሣ፣ ጦጣም ይሁን። የሰፈሩ እድር አባል ያደርገዋል፣ ያኖረዋል፣ ሲሞትም ይቀብረዋል። “አንድ ሰፈር፣ አንድ ነፍስ” ይላል በየሊፍቱ ውስጥ የተለጠፈው ማስታወቂያ። ሁለት አይቻልም። ለእኛ ሁለት እጩ ቀረበ። አንደኛዋ ከአንኮበር ገደል የመጣች ዘማሪ ወፍ ናት፤ ጭብጥ የማትሞላ፣ ቡናማ፣ ጭረት ጭረት ያላት። ሁለተኛው ባለ ሰማያዊ ምንቃር ዳክዬ ነው፤ ድሮ ሐይቃችን ላይ በመንጋ ይውል የነበረ። የሁለቱም ዘር የቀረው ጥቂት ነው። ሳምንቱን ቤቴ ይኖራሉ፣ ካሜራ ያያቸዋል፣ ሰፈሩ ይመርጣል። የተሸነፈው ይሰናበታል። “ይገደላል” አይባልም። ይሰናበታል። አሰናባች የሚባል ሰው ከንጽጽር ቢሮ ይመጣል፣ ነጭ ጓንት ያደርጋል።

ዳክዬው ይሸት ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። የረጠበ ምንጣፍ፣ ጭቃ፣ የሆነ የዓሣ ነገር። ፊቴን በወጥ ቤቱ ቧንቧ ታጠብኩ።

የወጥ ቤቱ ቧንቧም የራሱ ጣጣ አለው። ሕንጻችን ጣራ ላይ አንድ ክፍል የሚያክል የሲሚንቶ ታንከር አለ፤ ለአራቱም ብሎክ ውሃ የሚመጣው ከዚያ ነው። ውሃው ትል አለው። ቀይ፣ ክር የሚያክል፣ የሚላወስ። ጠዋት ሰው ሁሉ ቧንቧው አፍ ላይ ሻሽ ያስራል፣ ከፍቶ ያጣራል፣ ሻሹን መስኮት ላይ ያራግፋል፣ ከዚያ ጥርሱን ይቦርሻል። ደረጃ ላይ ስንገናኝ “እንዴት አደራችሁ” ካልን በኋላ “ዛሬስ በዝቷል?” እንባባላለን። ማንም አይጸየፍም። እኔ እጸየፋለሁ፤ ግን አጣርቼ እጠጣለሁ።

ለዳክዬው ጎረቤት ሁሉ ዳቦ አመጣ። ዳቦ ለዳክዬ ይሰጣል የሚል ነገር የሆነ ቦታ አይተዋል። አልበላም። ዳቦው ገንዳው ውስጥ አብጦ ሙጫ ሆነ፤ ቀሪው ወጥ ቤቴ ጥግ ተከመረ። በሁለተኛው ቀን ሻሼን ላራግፍ ስል መስኮቱ ራቀኝ፣ ሄጄ ዳክዬው ገንዳ ላይ አራገፍኩት። ዳክዬው ሰመጠ። ውሃው ተንቀጠቀጠ። ሲወጣ ትል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እንዲያ አደረግኩ። ወድጄው አይደለም። መስኮቱ ሩቅ ስለሆነ ነው።

አወዳዳሪዋ ሚልካ ትባላለች። ከንጽጽር ቢሮ ነው የመጣችው። ከሰው ሁሉ ጋር የምትናገረው ካሜራ እያየች ነው፤ ሻይ ትፈልጊያለሽ ወይ ስላትም ለካሜራው ነው የመለሰችው። ማታ ማታ ሳሎኔ ይሞላል፣ ጎረቤት ወንበሩን ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው ውድድር ድምፅ ነበር። ወፊቱን አቀረቧት። ወፊቱ ዝም አለች። ሚልካ ጠበቀች፣ ፈገግ አለች፣ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መቅጃ ነካ አደረገች። ሳሎኑ በዝማሬ ተሞላ።

“የእሷው ነው” አለች። “ማለቴ የዘሮቿ። ድሮ የተቀዳ።”

“አቤት! አቤት!” አሉ እትዬ ሶሊያና። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው፣ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ይኖራሉ። ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ ጠረጉ። “ነፍስ ታለመልማለች!”

ወፊቱ የሽቦ ቤቷ ጥግ ተለጥፋ ደረቷን ትነጭ ነበር። አንድ ላባ ወደቀ። እትዬ ሶሊያና አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ዳክዬው ተራው ደረሰ። እሱ መቅጃ አላስፈለገውም። አንገቱን ነፋ፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ አቆመ፣ ከሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር አወጣ። እንቁራሪት በርሜል ውስጥ ገብታ ስትናደድ ማለት ነው።

“ኧረ በስመአብ! አፉ ነው ይሄ?” አሉ እትዬ ሶሊያና።

“አፉ ባይሆን ነው የሚሻለው” አለ አንዱ ከኋላ።

“የኔ ጨጓራ ከዚህ አሳምሮ ይዘምራል” አሉ ጋሽ ኤዩኤል። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ዜሮ ሰጡት።

በማግስቱ አካሄድ። ወፊቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለቴ ዘለለች፣ ተጨበጨበላት። ዳክዬው ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ በደረቱ ተደፋ። እግሮቹ ወደ ኋላ ነው የተሰኩት፤ ለውሃ እንጂ ለሳሎን አልተሠሩም። እየተነሳ ይወድቃል። “ሰካራም!” አሉት። አንድ ሰው ልጁን አንስቶ እንዲያይ አደረገው። እኔ ፎጣ ጥዬበት ወደ ገንዳው መለስኩት፤ ሚልካ “ኖላዬ፣ ካሜራውን ጋረድሽው” አለችኝ።

ሦስተኛው ቀን ፍላጎት ይባላል።

“ወፊቱ በቀን የምትፈልገው ውሃ አንድ ማንኪያ” አለች ሚልካ። ማንኪያውን ከፍ አድርጋ አሳየች። “ዳክዬው የሚፈልገው...”

አልጨረሰችውም። እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞረ።

ኮንዶሚኒየማችን ሐይቅ ዳር ይባላል። ሐይቅ የለም። የቀረው በመስኮቴ የሚታየው ኩሬ ነው፤ ዙሪያው ነጭ የጨው ቅርፊት፣ አጥር ታጥሮለት። ዳክዬ እጩ እስከሆነ ድረስ ኩሬው አይነካም፤ ሕግ ነው። ከአጥሩ ማዶ የኩሬውን ቦታ የሚመኘው ሪዞርት አለ። ከአጥሩ አጠገብ ደግሞ የውሃ መምጠጫ መኪና ቆሟል። ሾፌሩ እግሩን በመስኮት አውጥቶ ተኝቷል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነው።

“ማንን ነው የሚጠብቀው?” አልኳት ሚልካን።

“ውጤቱን።”

“ውጤቱ አልታወቀም እኮ።”

ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራውን ሳይሆን እኔን አየችኝ። “የኔ እህት” አለች ቀስ ብላ፣ “አንዷ በማንኪያ ትጠጣለች፣ ሌላኛው ሐይቅ ይፈልጋል። ምን ይታወቃል ትያለሽ?”

ያኔ ነው የገባኝ። ወፍና ዳክዬ አልነበረም የሚወዳደሩት። ወፍ እንደሆነች ለማንም ምንም አላደረገች። ማንኪያና ኩሬ ነበሩ። ከገደል አውርደው አንዲት ምስኪን ወፍ ያመጡት ኩሬ የሚሸነፍለት ነገር ስለፈለጉ ነው። ሳሎኔ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ሪዞርቱ ለእድሩ አዲስ ድንኳን ገዝቷል። ይህንንም ሁሉም ያውቃል። እንደዚያም ሆኖ ስለ ዝማሬ ያወራሉ።

ድምፅ በተሰጠ ጊዜ ስልኬ ላይ ዳክዬውን ነካሁ። በንዴት ነው። እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሰው ስልክ ውጤቱን ተናግሮ ሳይጨርስ የመኪናው ሞተር ተነሳ። ቱቦው ኩሬው ውስጥ ገባ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ኩሬው ጭቃ ሆነ፤ ሾፌሩ ቱቦውን ጠቅልሎ፣ ለጎረቤት እጁን አውለብልቦ ሄደ።

ወፊቱን በብርጭቆ ቤት ሪዞርቱ ሳሎን አስገቧት። አበባ የያዘ ሕፃን አጅቧት ሄደ።

ዳክዬው ቀረ። እዚህ ላይ ነው እድራችን የተሳሳተው።

ውጤት ሲገለጽ ጡሩምባ በራሱ ይነፋል፤ እንደ ድሮው በሰው ሳይሆን በሁሉም ስልክ፣ በአንድ ጊዜ። “የሰፈራችን ዳክዬ ስላረፈ ቀብር ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው።” ጡሩምባ ከተነፋ ድንኳን ይተከላል። ድንኳን ከተተከለ ያለ ቀብር አይነሳም፤ ካለዚያ ድንኳኑ ሌላ ሰው ይጠራል ይባላል። ማንም ግን አሰናባቹን አልጠየቀም። አሰናባቹ ሌላ ሰፈር ነበር፣ ሦስት ዓይነት እንቁራሪት ተሸንፎበት። ሰኞ ነው የምመጣው አለ። ቅዳሜ ነበር።

ጋሽ ኤዩኤልና እትዬ ሶሊያና በሬን ቆረቆሩ። ሁለቱም ጥቁር ለብሰዋል።

“አረፈ?” አሉ ጋሽ ኤዩኤል።

“ማን?”

“አንቺ ልጅ፣ አታናድጂኝ።”

ከመታጠቢያ ቤት ውሃ ተንቦጫረቀ። ሦስታችንም ሰማን።

“ሰው ተሰብስቧል” አሉ። “ወጥ ወጥቷል። አልቃሿ ከሌላ ሰፈር ድረስ መጥታለች። ታች እየተለቀሰለት እሱ እዚህ ይዋኛል! ነውር አይደለም?”

“ታዲያ እርስዎ ይግደሉት።”

“እኔ?” እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። “ዳክዬ ላይ ቢላ ላነሳ? እርኩስ ነው። ቢላው ከዚያ በኋላ ለምን ይሆነኛል?”

“ሰው እጁን እንዴት ያረክሳል” አሉ እትዬ ሶሊያና። ክንዴን ያዝ አደረጉኝ፣ ድምፃቸውን እንደ እናት አለሰለሱ። “የኔ ልጅ፣ አንቺም ምንም አታድርጊ። ገንዳውን ብቻ ክፈቺው፣ ውሃው ይውረድ። በሩን ዝጊ። ራሱ ይሄዳል።”

“ወዴት?”

“ይሄዳላ።”

ደግ ሴት ናቸው። ሲታመም ሰው የሚጠይቁ፣ ለቅሶ የማይቀሩ። ይህንን ያሉኝ በዚያው በደግነታቸው ነው። መጮህ እችል ነበር። ብጮህ ሌላ ሰው ይመርጣሉ፤ እኔ በሌለሁበት፣ በትርፉ ቁልፍ።

“ሳጥኑን ላኩልኝ” አልኩ።

ፊታቸው በራ። “ድሮስ! ጨዋ ልጅ!”

ሳጥኑ የጫማ ካርቶን ነበር፣ በነጭ ሪባን የታሰረ። ሪባኑን ፈታሁ፣ ጥግ የተከመረውን ደረቅ ዳቦ ሞላሁበት፤ እነሱ ያመጡትን፣ እሱ ያልበላውን። መልሼ አሰርኩ። ዳክዬውን በፎጣ ጠቀለልኩና ዘንቢል ውስጥ ከተትኩ። ነከሰኝ። ወደ ጣራ የሚወስደው የብረት መሰላል ከበሬ ፊት ለፊት ነው፤ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስለምኖር ሌላ ማንም እዚያ አይመጣም።

ከላይ ድንኳኑ ይታያል። አዲስ ነው፣ የሪዞርቱ ስም ጣራው ላይ በትልቁ ተጽፎበታል። ሰዎቹ ምሳ ላይ ነበሩ። አልቃሿ በድምፅ ማጉያ ሙሾ ታወርዳለች፤

“አንተ የሐይቁ ጌታ፣ አንተ የውሃው ልጅ፣
ድምፅህ ቀረብን ወይ፣ ማን ይዘምር እንጂ!”

“እህህ!” አሉ ለቀስተኞቹ ከወጡ ላይ ቀና ብለው።

የታንከሩን የብረት ክዳን ገፋሁት። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ብርሃኑ ሲገባ አረንጓዴ ሆነ። ፎጣውን ፈታሁ። ዳክዬው ወደቀ፣ ሰመጠ፣ ጠፋ። ጠበቅኩ። ምንም። ገደልኩት አልኩ፤ በጎረቤት መጠጥ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ፣ አሁን ደግሞ እሱን እናጣራለን። ከዚያ ወዲያ ጥግ ብቅ አለ። ምንቃሩ ላይ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል። ዋጠው። መልሶ ሰመጠ።

ክዳኑን ክፍት ተውኩት።

ጋሽ ኤዩኤል ሳጥኑን ሲያነሱ ፊታቸውን አጨማደዱ። “ቀለለኝ።”

“ከስቶ ነበር” አልኩ።

ቀበሩት። ዳቦ ቀበሩ። አፈር አለበሱት፣ ጋሽ ኤዩኤል ስለ መልካም ጎረቤትነቱ ንግግር አደረጉ፣ አልቃሿ ሒሳቧን ተቀብላ ሄደች፣ ድንኳኑ ተነሳ። ሰኞ አሰናባቹ መጣ፣ መቃብሩን አይቶ ጓንቱን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ሻሹ መንጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሰው አላመነም። “ዛሬስ በዝቷል?” “ኧረ የለም።” “እናንተም ጋ?” ከዚያ ሻሹን ፈቱት። አሁን ሰው ከቧንቧ ቀጥታ ይጠጣል፣ ልጅ ሳይቀር። ምክንያቱንም ወዲያው አገኙት። ወፊቱ ናት። ትክክለኛውን ስለመረጥን ነው፣ ከእሷ በፊት እንዲህ ነበር ወይ? የወፊቱ ላባ ያለው ሰው በማሰሮው ላይ ሰቀለው።

እኔም እጠጣዋለሁ። ዳክዬ ውሃ ውስጥ ምን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ገንዳዬን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ትሉም ያደርግ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እጠጣለሁ።

ወፊቱ አልቆየችም። አንድ ቀን የብርጭቆ ቤቷ ባዶ ሆነ። ሪዞርቱ “እረፍት ላይ ናት” አለ፤ ዝማሬው ግን አልተቋረጠም፣ ከግድግዳው ይወጣል። ሰፈሩ አምልጣለች አለ፤ ወደ እኛ ልትመለስ። ከሪዞርቱ ጽዳት ሠራተኞች አንዷ ወረፋ ላይ አጠገቤ ቆማ ነገረችኝ። ጠዋት መሬት ላይ አገኘቻት፣ ደረቷ ራቁቱን። በመጥረጊያ ሰበሰበቻት። “ምን ላድርግ? ቆሻሻ መስላኝ ነበር” አለችኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ማን ይሰማል?

ትናንት ጋሽ ኤዩኤል በሬን ቆረቆሩ። ቆረቆሩ እንጂ በቁልፋቸው አልከፈቱም፤ ከቀብሩ ወዲህ አክብረውኛል። ደረጃው ስላደከማቸው ያለከልካሉ።

“ጣራ ላይ ልወጣ ነበር፣ ጉልበቴ እንቢ አለኝ። የታንከሩ ክዳን ተከፍቷል ይሉኛል። ከማዶ ብሎክ ታይቷል።”

“ንፋስ ይሆናል።”

“ይሁን። ነገ በያጅ ይመጣል። ይበየዳል፣ አንዴ ነው የምንገላገለው። እንዲህ ዓይነት ውሃ አግኝተን አቧራ ይግባበት?”

ብየዳ ማለት ጨለማ ማለት ነው። አየርም የለም። “ምን አስቸኮለዎት?” አልኩ። “ይቀመጡ እስቲ። ውሃ ላምጣልዎ።”

ከቧንቧው ቀዳሁ። ሳቀብላቸው ነው ያየሁት። ብርጭቆው ውስጥ፣ ላይ ላዩን፣ ላባ። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ጥምዝ ያለ። እሳቸውም አዩት።

እኔ የምለውን እፈልጋለሁ። እሳቸው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሱት።

“ኖላዊት።”

“አቤት።”

“ይሄ ላባ የማን ነው?”

“የማን ይመስልዎታል?”

“መጥታለች” አሉ። “እዚህ ነው የምትጠጣው። ከላይ!”

ያኔ ነው ከቧንቧው ውስጥ የመጣው። ከጣራ እስከ ወጥ ቤቴ በብረት እየወረደ፣ እየተንጣረረ፣ ያ የበርሜል እንቁራሪት ድምፅ። ጠዋት ጠዋት ይጣራል፤ የሚመልስለት ዳክዬ የለም፣ እኔ ነኝ የምሰማው። ያን ቀን አርፍዶ ተጣራ። አለቀልን አልኩ።

ጋሽ ኤዩኤል ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንገታቸውን ቀስ ብለው ወዘወዙ።

“አቤት ዜማ!” አሉ። “ሰማሽ? ያኔ ሳሎንሽ ውስጥ እምቢ ብላ... እንዲህ ነው እንዴ ድምፅዋ!”

“እንዲህ ነው” አልኩ።

“በያጁ አይመጣም። ክዳኑን ማንም እንዳይነካ። ለእድሩ እናገራለሁ።” ላባውን በሁለት ጣት አወጡ፣ ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጡ፤ ማንቁርታቸው ሲወጣ ሲወርድ አየሁት። አፋቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

“እንዴት ይጥማል” አሉ።

“ልጨምርልዎ?”

“ጨምሪልኝ እስቲ።”

ሞላሁላቸው።